የሕክምና ምሕንድስና በኢትዮጵያ፦ ጥገና፣ ምርት ወይስ ምርምር?

የሕክምና ምሕንድስና የምሕንድስናን ዕውቀት ለምርመራ፣ ለሕክምናና ለተሃድሶ አገልግሎት የሚያውል ዘርፍ ነው። የደም ግፊት መለኪያ፣ የራጅ ማሽን፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ የኦክስጅን ማምረቻ፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያ፣ የሕክምና ምስል የሚያነብ ሶፍትዌር ሁሉም የዚህ ዘርፍ ውጤቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ካሉት ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በግዥ ወይም በልገሳ ከውጭ የገቡ ናቸው። ባለፉት ሃያ ዓመታት እየጎላ የመጣው ጥያቄ፣ ሀገሪቱ እነዚህን መሣሪያዎች ከመጠቀም አልፋ ማጥናት፣ ማሻሻልና ማምረት ትችላለች ወይ የሚለው ነው። ትችላለች በሚሉት መካከልም ከየት ይጀመር በሚለው ላይ ስምምነት የለም። አንዱ ወገን ያለውን መሣሪያ በሥራ ላይ ማቆየት ይቅደም ይላል፤ ሁለተኛው የሀገር ውስጥ ምርትን ያስቀድማል፤ ሦስተኛው ለሀገሩ ሁኔታ የሚስማማ ምርምርና ንድፍ ከሌለ ሁለቱም ሩቅ አይሄዱም ባይ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሥራዎች

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የመጀመሪያው የሆስፒታሉ ሥራ ነው፤ የግዥ መስፈርት ማዘጋጀት፣ መሣሪያ መትከል፣ ልኬቱን ማስተካከል (ካሊብሬሽን)፣ ሳይበላሽ አስቀድሞ መንከባከብ፣ ሲበላሽ መጠገንና ዕድሜው ሲያልፍ ማስወገድ በዚህ ሥር ይመጣሉ። ሁለተኛው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በሺዎች ቁጥር፣ ጥራቱ ሳይለዋወጥ ማምረት ማለት ነው። ሦስተኛው ያልነበረ ንድፍ ማውጣት ወይም የነበረውን ለሌላ ሁኔታ ማስማማትና በሕሙማን ላይ የሚያስገኘውን ጥቅም በጥናት ማረጋገጥ ነው።

የሦስቱም ስኬት በተለያየ መስፈርት ይለካል። የጥገና ስኬት መሣሪያው ባገለገለባቸው ቀናት፣ የምርት ስኬት በዋጋ፣ በጥራትና በሽያጭ ፈቃድ፣ የምርምር ስኬት ደግሞ በማስረጃና ውጤቱን ሥራ ላይ ባዋሉ ተቋማት ብዛት ይታያል። በዐውደ ርዕይ የቀረበ አንድ ናሙና እንደ ምርት፣ ከውጭ የመጣ አካል የሚገጣጥም ፋብሪካም እንደ ምርምር ተቋም ከተቆጠረ ስለ ዘርፉ ዕድገት የሚነገረው ሁሉ ይዛባል። የባለሙያ ሥልጠናም ይህንን ልዩነት ይከተላል። በኮሌጅ ደረጃ የሚሠለጥን ቴክኒሻን በዋነኛነት ለጥገና፣ በዩኒቨርሲቲ የሚማር መሐንዲስ ደግሞ ለንድፍና ለአስተዳደር ይዘጋጃል፤ ሆስፒታሎች ግን ሁለቱንም በአንድ የሥራ መደብ ሲያሠሩ ይታያል።

አመጣጡ

ዘመናዊ የሕክምና ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሐኪሞቹ ጋር ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና ተከታዮቹም በውጭ ዕቃና በውጭ ባለሙያ ሠሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የባለሙያ ሥልጠና ሲስፋፋ የሕክምናው ትምህርትና የቴክኒኩ ትምህርት በየፊናቸው ሄዱ። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የእጅ ሙያተኞችን አወጣ፤ በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠለጠነ። የምሕንድስና ኮሌጁም ሆነ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የሕክምና ፋኩልቲ አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የትምህርት ክፍል እንዲኖር ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ።

በዚህ መሐል በእጅ ሥራና በሕክምና ድንበር ላይ ቀድሞ ያደገው የሰው ሠራሽ አካል ሙያ ነው። ጦርነት ያቆሰላቸውና ፖሊዮ ያሰነከላቸው ሰዎች ብዛት ፍላጎቱን ፈጠረ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ በኋላ የአዲስ አበባው የሰው ሠራሽ አካል ማዕከል ከሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች የመጡ ቴክኒሻኖችም የሚሠለጥኑበት ሆነ። ኮሚቴው ያስፋፋው ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ እግር የመሥራት ዘዴ ርካሽና ቀላል ነው፤ ያለቀበት ክፍልም እዚያው ሊተካ ይችላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም አቀፉ የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ማኅበር የሚሰጠውን የብሪያን ብላችፎርድ ሽልማት አግኝቷል። ንድፉ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ሥራው ሀገር ውስጥ መከናወኑ ከሌሎች መሣሪያዎች ታሪክ ይለየዋል።

የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተስፋፋው በ2000ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ የወጣው ፖሊሲ በር ከፈተ፤ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራሙን ጀመሩ። በዚያው ወቅት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ የሕክምና መሣሪያ አስተዳደርን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አድርጎ ያዘ። የሕግ ማዕቀፉም በተከታታይ ተዘረጋ። አዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ አቅርቦትን ለአንድ ተቋም ሰጠ፤ አዋጅ ቁጥር 661/2002 ቁጥጥሩን አደራጀ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የሕክምና መሣሪያን ደኅንነትና ጥራት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር አጸና።

ጥገናን የሚያስቀድሙ

የዚህ ወገን መነሻ ያለው መሣሪያ በአግባቡ አያገለግልም የሚለው ሐቅ ነው። ፔሪና ማልኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ከ16 ታዳጊ ሀገሮች የተሰበሰበ የ112,040 መሣሪያዎች መዝገብ መርምሮ 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አሳይቷል። ዋና ምክንያት ሆነው የተገኙት የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለቶች ናቸው። በጅማ ዞን ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም ከታዩት መሣሪያዎች የሚሠሩት ሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ከዓለም አቀፉ ግኝት ጋር የሚቀራረብ ነው።

የወገኑ ጠንካራ ማስረጃ ግን ከብልሽቱ መጠን ይልቅ ብልሽቱ የሚጠገን መሆኑ ነው። ማልኪንና ኪን እ.ኤ.አ. በ2010 በ11 ሀገሮች ከሚገኙ 60 ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ የጥገና ጥያቄዎችን ሲመረምሩ፣ ከተበላሹት መሣሪያዎች 72 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከውጭ መለዋወጫ ሳይገዛላቸው ወደ ሥራ ተመልሰው ነበር። ለአብዛኞቹ ያስፈለገው በአጭር ሥልጠና ሊሰጥ የሚችል የመሠረታዊ ኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ፣ የሜካኒክና የአጠቃቀም ዕውቀት ነው። ከዚህ በመነሣት በቴክኒሻን ሥልጠና ላይ የሚወጣ ገንዘብ ከየትኛውም ፋብሪካ ፈጥኖ ውጤት ይሰጣል ብለው ይሞግታሉ።

የጨረር ሕክምና ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የኮባልት-60 ሕክምና ከሃያ ዓመት በላይ በሀገሪቱ ብቸኛው ነበር። መንግሥት ለጥቁር አንበሳና ለክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ዘመናዊ የጨረር ማሽኖች ሲገዛ፣ ጨረር የሚከላከል ወፍራም ግድግዳ ያለው ሕንፃ ግንባታ በመጓተቱ ተከላው ለዓመታት ዘገየ። የማሽን መገዛት የአገልግሎት መጀመር አይደለም የሚለውን ነጥብ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ጥገና የሚያራዝመው የመሣሪያውን ዕድሜ እንጂ ለአካባቢው ያለውን ተስማሚነት አይደለም፤ ለሌላ የአየር ግፊትና ለሌላ የኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ መሣሪያ ቢጠገንም መልሶ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የአዳዲስ መሣሪያዎች ብልሽት ከብየዳና ከፊውዝ ወደ ሶፍትዌርና በአምራቹ የይለፍ ቃል ወደ ተቆለፈ ክፍል እየተዛወረ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የጥገና ማስረጃ ለዛሬዎቹ መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሚሠራ በአዲስ ጥናት መታየት አለበት።

ምርትን የሚያስቀድሙ

የሀገር ውስጥ ምርት ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ የውጭ ምንዛሪና የአቅርቦት ዋስትና ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው በእጅጉ ንሯል። የኮቪድ-19 ወረርሽኝም ሌላ ትምህርት ሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አምራች ሀገሮች ለራሳቸው ሲሻሙ፣ ገንዘብ ያለው ገዢም ቬንቲሌተርና የምርመራ ኪት የሚያጣበት ጊዜ መጣ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ፋብሪካዎች ወደ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ዞሩ፤ መስከረም 2013 ዓ.ም. የቻይናው ቢጂአይ ኩባንያ የኮሮና ምርመራ ኪት ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ተመረቀ።

የፖሊሲ መሠረቱ ከወረርሽኙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 እንዲዘልቅ የታቀደው የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጥቶ፣ በቂሊንጦ ለመድኃኒትና ለሕክምና ግብዓት አምራቾች የተለየ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። ነገር ግን ስትራቴጂው በስሙም በይዘቱም ለመድኃኒት ያደላል። የሕክምና መሣሪያ ግን ከመድኃኒት ይለያል፤ ዓይነቱ በሺዎች የሚቆጠር፣ የየአንዱ ገበያ ጠባብ፣ ከሽያጭ በኋላም ጥገናና ሥልጠና የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ በቀላሉ ሊመረቱ የሚችሉት እንደ ጓንት፣ መርፌ፣ ፋሻና አልጋ ያሉት ከፍተኛ ምርምር የማይጠይቁ ዕቃዎች ናቸው። ከእነርሱ ተነሥቶ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያሸጋግር መሰላል አለ ወይ የሚለው በወገኑ ውስጥ ራሱ ያከራክራል።

ኦክስጅን በመካከል የሚቆም ጉዳይ ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፓልስ ኦክሲሜትሪ (የደም ኦክስጅን ልኬት) ፍኖተ ካርታ ካወጣ በኋላ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች የተተከሉ ማምረቻዎች በዙሪያቸው ላሉ ሆስፒታሎች ሲሊንደር እየሞሉ መላክ ጀመሩ። ማሽኑ የውጭ፣ ጋዙ የሀገር ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ምርትና ጥገና አይነጣጠሉም፤ ኮምፕረሰሩ ቆሞ መለዋወጫ ቢጠፋ የሚቋረጠው በአንድ ሆስፒታል ሳይሆን በአካባቢው ሁሉ ያለ ሕክምና ነው።

ምርምርን የሚያስቀድሙ

የሦስተኛው ወገን መከራከሪያ ከመልክዓ ምድር ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህ ልዩነት በመሣሪያ አሠራር ላይ በቀጥታ ይታያል። የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚያመክነው አውቶክሌቭ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርሰው የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው መለኪያ ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም የእንፋሎቱ ሙቀት 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። በግፊት ብቻ የሚመራ ሠራተኛ ዕቃው ሳይመክን መከነ ሊል ይችላል። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ከከፍታ ጋር አቅሙ ይቀንሳል፤ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚለካው የኦክስጅን መጠንም ከቆላው ሰው ስለሚያንስ የመለኪያው ማንቂያ ደወል የሚጮኽበት ወለል ራሱ ጥናት ይሻል። የመብራት መዋዠቅም ተጨማሪ ችግር ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ11 የአፍሪካ ሀገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ግምገማ ከጤና ተቋማት 26 በመቶው ጭራሽ መብራት እንደሌላቸው አሳይቷል።

እንዲህ ያለው ምርምር ፍሬ እንደሚሰጥ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ጠንካራው ከአዲስ ፈጠራ ሳይሆን ከማስማማት የመጣ ነው። በዳካ የሚገኘው የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ የሳንባን ግፊት የሚጠብቅ ቀላል የመተንፈሻ ዘዴ (በብል ሲፓፕ) ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳተመ። ዘዴው በኢትዮጵያ 12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ከባድ የሳንባ ምች በያዛቸው ከ1,200 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ የሕክምና አለመሳካትን በእጅጉ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘገበ። ጥናቱ ዕቃውን ብቻ አልፈተነም፤ በጠቅላላ ሐኪሞችና በነርሶች እጅ፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት ሆስፒታል መሥራት አለመሥራቱን ጭምር ነው የመረመረው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅፀን በር ካንሰርንና የወባ ተሐዋስያንን ከማይክሮስኮፕ ምስል ላይ በኮምፒውተር ለመለየት የተሠሩት ጥናቶች ሌላው የምርምር መስመር ናቸው። በአብዛኛው በተሰበሰቡ ምስሎች ላይ ያለውን ትክክለኛነት ስለሚዘግቡ፣ በሆስፒታል ዕለታዊ ሥራ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ለቀጣይ ምርመራ የቀረ ነው።

ለዚህ አቋም አህጉራዊ መድረክ የሆነው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ከ2012 አካባቢ ጀምሮ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ አስተሳስሯል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚያ መንገድ ከተመሠረተው የአፍሪካ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጥምረት አባላት አንዱ ነው። የጥምረቱ ሐሳብ ንድፍን በግልጽ ማካፈል ነው፤ በአንድ ሀገር የተነደፈ መሣሪያ ሌላው ሀገር ያሻሽለዋል፣ ያመርተዋል። ከዚሁ መንፈስ የወጣውና በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 የተካሄደው ኡቦራ የተባለ ፕሮጀክት፣ ተማሪዎች ከመጀመሪያው የንድፍ መስመር አንሥቶ የደኅንነት ደረጃዎችን እንዲከተሉ የሚያስገድድ የጋራ መድረክ ዘርግቷል። ትችቱ እዚህም አለ። ግልጽ ንድፍ ዕውቀትን ያሰራጫል፤ መሣሪያው ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነና ለፈቃድ የሚጠየቀውን ምርመራ ማን እንደሚከፍል ግን በራሱ አይመልስም።

የገበያ ስፋትና የደሴቶች ተሞክሮ

ሦስቱንም አቋሞች የሚፈትነው የገበያ ስፋት ነው። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያና የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች በዚህ ረገድ የሚጋሩት ችግር አለ፦ ዕቃና መለዋወጫ ከሩቅ ይመጣል፤ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ ለብዙዎቹ መሣሪያዎች የገዢው ቁጥር ትንሽ ነው። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ያስጀመረው፣ በአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ላይ የተመሠረተ የመድኃኒት ፕሮጀክት ኢትዮጵያን፣ ጂቡቲን፣ ኤርትራን፣ ኬንያን፣ ሩዋንዳንና ሱዳንን ከማዳጋስካር፣ ሞሪሺየስ፣ ሲሼልስና ኮሞሮስ ደሴቶች ጋር በጋራ ግዥ ያሰባሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። ትኩረቱ የእናቶችና የሕፃናት መድኃኒትና ግብዓት ላይ ነው፤ ይኸው አሠራር ለመሣሪያ ቢዋል አምራች የሚጠብቀውን የትእዛዝ ብዛት ሊፈጥር ይችላል የሚል ተስፋ ጥሏል።

ከደሴቶች ተሞክሮ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይወጣሉ። በማዕቀብ ሥር ባለችው ኩባ፣ ገዢውም አምራቹም መንግሥት በሆነበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የኢሚዩኖአሴ ማዕከል የራሱን የላቦራቶሪ መመርመሪያ ማሽንና ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሠርቶ በመላ ሀገሪቱ ዘርግቷል፤ የነርቭ ሳይንስ ማዕከሏም በኮቪድ ጊዜ ቬንቲሌተር አምርቷል። የአየርላንድ የጎልዌይ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ኩባንያዎችን በመሳብ በውጭ ኢንቨስትመንት አደገች። ሞሪሺየስ ደግሞ የልብ ደም ሥር ለመክፈት የሚያገለግል ባለፊኛ ካቴተር ለውጭ ገበያ የሚያመርት ኩባንያ አላት። የኩባው መንገድ ረጅም የመንግሥት ገንዘብ፣ የአየርላንዱ ክፍት ገበያና ሕግ፣ የሞሪሺየሱ በአንድ ጠባብ ምርት ላይ መካንን ጠይቋል። ሦስቱም የሚመሳሰሉት ምርቱ በደንበኛው ሀገር ተቆጣጣሪ የሚፈለገውን የጥራት ማስረጃ ይዞ መውጣቱ ላይ ነው።

ያልተፈቱ ነጥቦች

የመጀመሪያው ያልተቋጨ ነጥብ በናሙናና በምርት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ሳይንስ አዲስ አይደለም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አገኙ፤ በ1989ም ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ ግን ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደረጃን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ ስላልነበረው ለአሥርት ዓመታት ወደ ሰፊ አገልግሎት ሳይሻገር ቆየ። የሕክምና መሣሪያ ናሙናም በተመሳሳይ በር ላይ ይቆማል፤ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ፣ የልኬት ማረጋገጫ፣ የክሊኒክ ጥናትና የጥራት ሥርዓት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሀገሪቱ የስነ ልክ፣ የደረጃዎችና የመሣሪያ ቁጥጥር ተቋማት አሏት፤ የእያንዳንዱ ኃላፊነት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግልጽ የሆነ አንድ መንገድ ግን ገና አልተጠረገም።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራና ለአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ ይሰጣል። አነስተኛ ፈጠራ የሚለው ክፍል ለነባር መሣሪያ ማሻሻያዎች ይበጃል፤ ከግልጽ ንድፍ አስተሳሰብ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ግን አከራካሪ ነው።

ሦስተኛው የግዥ ሥርዓት ነው። አቅራቢው የላቦራቶሪ ማሽን ሳይሸጥ አስቀምጦ ሪኤጀንቱን የሚሸጥበት ውል ጥገናውን በአቅራቢው ላይ ስለሚጥል ለሆስፒታሎች እፎይታ ሰጥቷል። በሌላ በኩል ማሽኑ የሌላ አምራች ሪኤጀንት የማይቀበል ከሆነ የሀገር ውስጥ አምራች የሚገባበትን በር ይዘጋል። ጥገናን የሚያቃልለው ውሳኔ ምርትን የሚያዳክም መሆኑ፣ አቋሞቹ ሁልጊዜ የሚደጋገፉ አለመሆናቸውን ያሳያል።

አራተኛው ገንዘብ ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 አባል ሀገሮች ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር እንዲያውሉ ወስኗል። የዩኔስኮ መረጃ የኢትዮጵያን ድርሻ እ.ኤ.አ. ለ2013 0.61፣ ለ2017 ደግሞ 0.27 በመቶ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከዚህም ውስጥ ትልቁ የምርምር ተቋም መዋቅር ያለው በግብርና ነው።

የመጨረሻው የመለኪያ ጉዳይ ነው። አንድ መሣሪያ ይሠራል ሲባል መብራት ስለበራበት ነው ወይስ ልኬቱ ትክክል ስለሆነ? የብዙ ሆስፒታሎች ቆጠራ የመጀመሪያውን ይመዘግባል፤ ሕመምተኛውን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። የአውቶክሌቩ ምሳሌ እንደሚያሳየው ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ከቀረቡት ማስረጃዎች ጥቅል ሲታይ የጥገናው ብዙና ቀጥተኛ፣ የማስማማት ምርምሩ ጥቂት ነገር ግን ጠንካራ፣ የሀገር ውስጥ ምርቱ ደግሞ ከተመዘገበ ውጤት ይልቅ በሚጠበቅ ጥቅም ላይ ያረፈ ነው። ትክክለኛነትን የሚለካ የካሊብሬሽን አገልግሎት ግን ለሦስቱም ወገኖች በእኩል ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ጥገናው መሳካቱ፣ ምርቱ መብቃቱም ሆነ ምርምሩ ማስረጃ መስጠቱ አይታወቅም።